የማቀዝቀዣ ሸሚዝ፦ ፓምፑ እየሠራ፣ በረዶ እያለ ለምን ይሞቃል?

ሦስተኛ ማርሽ
ጣሪያው ዝግ የሆነ የውድድር መኪና ላይ የሹፌር ማቀዝቀዣ ገጥመናል። 12 ሊትር የበረዶ ሳጥን፣ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ፣ መሄጃና መመለሻ ቱቦ፣ ከዚያ ቀዝቃዛው ውሃ የሚዞርባቸው ቱቦዎች የተሰፉበት ሸሚዝ። መኪናው ቆሞ ስንሞክረው ጥሩ ነው። ሩጫ ላይ 20 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ግን ሸሚዙ ይሞቃል። የፓምፑ ድምፅ አለ፤ ሳጥኑ ሲከፈትም ግማሹ በረዶ አልቀለጠም። የምንጠቀመው የተፈጨ በረዶ ነው። ሳጥኑን ያሰርነው በሁለት ላስቲክ ነው፣ ይበቃል? ለአንድ ሰዓት ሩጫስ ስንት ኪሎ በረዶ ይያዝ?

ቡሎን ስምንት
በረዶው ተርፎ ሸሚዙ ከሞቀ ውሃው እየዞረ አይደለም። መጀመሪያ የምጠረጥረው የተፈጨውን በረዶ ነው። ደቃቁ ወደ ፓምፑ አፍ ይሳብና ወንፊቱን ይደፍነዋል፤ ፓምፑ ይጮሃል እንጂ ውሃ አይገፋም። ሁለተኛው የትከሻ ቀበቶ ነው። ሸሚዙ ላይ የተሰፉት ቱቦዎች ቀጫጭን ስለሆኑ ቀበቶው ሲጠብቅ ይጨፈለቃሉ። ቆሞ ሲሞከር ደግሞ ቀበቶ የሚያጠብቅ የለም።

መለየቱ ቀላል ነው። ሹፌሩ ለብሶ ይቀመጥ፣ ቀበቶው እንደ ውድድር ቀን ይጠበቅ። የመመለሻውን ቱቦ ሳጥኑ ውስጥ ካለው ጫፉ አውጥታችሁ የሊትር መለኪያ ውስጥ ክተቱት (ቱቦውን ከሸሚዙ ጋር በሚያገናኘው መጋጠሚያ ላይ አትንቀሉት፣ ሲነቀል ራሱን ይዘጋል)። አንድ ሊትር ለመሙላት ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ያዙ፤ ከዚያ ቀበቶውን ፈትታችሁ ድገሙት። አንድ ደቂቃ ተኩል አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። ቀበቶው ሲጠብቅ ብቻ ሁለት ደቂቃ ካለፈ ቱቦው ከቀበቶው ሥር ዞር እንዲል ሸሚዙን አስተካክሉ። በሁለቱም ከዘገየ ወንፊቱን ወይም የታጠፈ ቱቦ ፈልጉ።

ላስቲኩን ዛሬውኑ ጣሉት። የሞላ ሳጥን 15 ኪሎ ገደማ ነው፤ በ25 ጂ ግጭት (የክብደቱ 25 እጥፍ) 375 ኪሎ ሆኖ ይጎትታል። ወለሉ ላይ በኤም 8 (ባለ 8 ሚሊሜትር)፣ የጥንካሬ ደረጃው 8.8 በሆነ ቡሎን አራት ቦታ እሰሩት። ከሥሩ ትንሽ ሮንዴላ ብቻ ከሆነ ላሜራውን ቀዶ ይወጣል፤ 3 ሚሊሜትር ብረት ደግፉበት። ከላይ የማይለጠጥ፣ በብረት ዘለበት የሚጠብቅ ቀበቶ ሁለት። ቦታው ከሹፌሩ ጎን ዝቅ ብሎ፣ ከማርሚታ (ከጭስ ማውጫ) መስመር ርቆ ይሁን። መጋጠሚያው ደግሞ ሹፌሩ ከመኪናው ሲዘል ሳይነካው በራሱ ተስቦ የሚነቀል መሆን አለበት።

ቀይ ሽቦ
ኤሌክትሪኩንም እዩ። አንዳንድ የዲሲ ፓምፕ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ሲገለባበጥ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ድምፁ ልክ ነው፣ የሚገፋው ውሃ ግን ደካማ። መስመሩ ከዋናው ማጥፊያ በኋላ ይነሳ፤ ፊውዙ በመነሻው አጠገብ ይሁን፣ መጠኑም ፓምፑ ላይ የተጻፈውን አምፒር ተከትሎ (ለትንሽ ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ 5 አምፒር ይበቃል)። ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር። ፓምፑን ያለ ውሃ አታስነሱት፣ ማኅተሙ ይቃጠላል።

ዜሮ ዲግሪ
የበረዶው ሒሳብ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎጁል ይወስዳል፤ 5 ኪሎ 1,670። ሸሚዙ ከሰውነት 250 ዋት ያህል ቢያነሳ 110 ደቂቃ ይሆናል፤ ቱቦውና ሳጥኑ ከካቢኑ የሚስቡት ሙቀት ግን ጥሩ ድርሻ ይበላል። ስለዚህ ለአንድ ሰዓት 5 ኪሎ በረዶና 5.5 ሊትር ውሃ ያዙ። ውሃውን አትቀንሱ፤ ካነሰ ኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። ቱቦዎቹን ሙሉ ለሙሉ በስፖንጅ ሸፍኑ።

በተፈጨው ፋንታ ትልልቅ ቁራጭ፣ ወይም ጫፋቸው ድረስ ሳይሞሉ የቀዘቀዙ የውሃ ጠርሙሶች ይሻላሉ። ጠርሙስ ቀስ ብሎ ይቀልጣል፣ ውሃውም ዜሮ አይነካም። ለእኔ ይህ ጥቅም ነው። በጣም የቀዘቀዘ ውሃ የቆዳ ደም ሥሮችን ያጠባል፤ ሹፌሩ ይንቀጠቀጣል፣ የውስጥ ሙቀቱ ግን አይወጣም። ወደ ሸሚዙ የሚገባው 15 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል።

ቡሎን ስምንት
በጠርሙሱ አልስማማም። የፕላስቲኩ ግድግዳ ሙቀቱን ያዘገየዋል፤ ሞቃት ቀን ላይ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ትልቅ ቁራጭ አድርጉና ቅዝቃዜውን ከፓምፑ መውጫ ወደ ሳጥኑ በሚመልስ ትንሽ ቫልቭ ቆጣጠሩ።

ሦስተኛ ማርሽ
ገባኝ፣ ወንፊቱን ዛሬ እከፍታለሁ። ውሃው ላይ ጨው ወይም የሞተር ኩላንት ብንጨምርበትስ?

ዜሮ ዲግሪ
ሁለቱም አይሆኑም። ጨው ውሃውን ከዜሮ በታች አውርዶ ቆዳ ይጎዳል፣ መጋጠሚያውንም ይበላል። ኩላንቱ መርዛማ ነው፤ ከፈሰሰ ፔዳሉን ያንሸራትታል። ንጹሕ ውሃ ብቻ።

ሸሚዙም እሳት የማይዘው ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፤ ተራ ጥጥ ሆኖ የሚሸጥ አለ። ውድድራችሁ የኤፍአይኤ (የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን) ደንብ የሚከተል ከሆነ መለያው ላይ 8856-2018 የሚለውን ፈልጉ። ከሩጫ በኋላ ውሃውን በዝቅተኛ የአየር ግፊት ገፍታችሁ አውጡና ሳታጥፉ ስቀሉት፤ የቀረ ውሃ ይሻግታል፣ ሻጋታው ደግሞ ቀጫጭኑን ቱቦ ይዘጋል።