ተሰልፌ የገዛሁት አይስክሬም ከግማሽ በላይ አልሄደልኝም፣ ችግሩ የኔ ምላስ ነው?

ቀማሿ፦
ሰላም ሰዎች። ሰሞኑን ሁሉም ፎቶ የሚለጥፍለት አንድ አይስክሬም ቤት አለ፣ ስሙን ልተወው። ዝናቸው ፒስታቺዮ ነው፣ ያ አረንጓዴ የለውዝ ዓይነት የሚገባበት። 40 ደቂቃ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ በትንሿ ማንኪያ አቀመሱኝና በቃ ተሸነፍኩ፣ ወዲያው ሁለት ስኩፕ አዘዝኩ። እስከ አራተኛው ማንኪያ ድረስ ግሩም ነበር። ከዚያ እየከበደኝ መጣ፣ መቅለጥ ሲጀምር ደግሞ ሽሮፕ የምጠጣ መሰለኝ፣ የቀረውን ጓደኛዬ ጨረሰልኝ። ቀለሙ የሣር አረንጓዴ ስለሆነ ፎቶው አምሯል፣ እሱን አልክድም። ሰው ሁሉ የሚያብድለት ነገር ለኔ ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው?

በረዶ_ቤት፦
ምላስሽ ጤነኛ ነው፣ የሸወደችሽ የቅምሻዋ ማንኪያ ናት። ቅዝቃዜ የጣፋጭነት ስሜትን ያደበዝዛል፣ ስለዚህ አይስክሬም ውስጥ የሚገባው ስኳር ከምታስቢው በላይ ነው። ለጣዕም ብቻም አይደለም፣ ስኳሩ ቢቀንስ እንደ ድንጋይ ይጠነክርና ማንኪያ አያስገባም። ሲቀልጥ ያ የተደበቀው ስኳር ሁሉ ብቅ ይላል። የሞቀ ለስላሳ ጠጥተሽ ታውቂ የለ? ያው እሱ ነው። ደግሞ ምላስ አንድ ዓይነት ጣዕም ሲደጋገምበት ይሰለቻል፣ አንደኛዋ ማንኪያና አሥረኛዋ አንድ አይሆኑም። ሰው የሚያወራልሽ ስለ አንደኛዋ ነው።

ለውዝ_ፈጪ፦
እኔን ያስቆመኝ ቀለሙ ነው። ፒስታቺዮ ቤቴ ፈጭቼ ከወተትና ክሬም ጋር ሠርቼዋለሁ፣ የሚወጣው ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። ለፎቶ አይሆንም፣ እውነቱን ለመናገር አስቀያሚ ነው። የሣር አረንጓዴ ካየሽ ቀለም ተጨምሯል ማለት ነው ብዬ እገምታለሁ። ቀለም መጨመሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ ግን ፒስታቺዮ ውድ ስለሆነ ብዙ ቦታ ጥቂት ያደርጉና የቀረውን በአልሞንድ ማጣፈጫ ይሸፍኑታል። ከኬክ ቤት የምታውቂው የአልሞንድ ሽታ ሸቶሽ ከነበረ እሱ ነው።

አቶ_ቫኒላ፦
ኧረ ሰዎች አታካብዱት፣ ልጅቷ ሁለት ስኩፕ ማዘዟ ነው ጥፋቷ 😂
የምሬን ግን፣ እኔ አዲስ ቤት ስገባ ዝነኛውን አልነካም። መጀመሪያ ቫኒላ ወይም ምንም ያልገባበት የወተቱን እጠይቃለሁ፣ እዚያ ላይ መደበቂያ የለም። የበረዶ ቅንጣት ጥርስሽ ሥር ኮሽ ካለ አንዴ ቀልጦ እንደገና የበረደ ሊሆን ይችላል። ጽዋውን በእጅሽ መዘን መዘን አድርጊው፣ በጣም ከቀለለሽ አየር ነው የገዛሽው። የተለመደው አይስክሬም እስከ ግማሹ አየር ሊሆን ይችላል፣ ጄላቶ (የጣሊያኖቹ አይስክሬም) ግን አየሩ አነስ ስለሚል ከበድ ይላል። ወረፋውን እርሺው፣ ወረፋ ጣዕም የለውም።

በረዶ_ቤት፦
@አቶ_ቫኒላ በቫኒላው እስማማለሁ፣ ግን ሰው 40 ደቂቃ ተሰልፎ ቫኒላ ሲያዝ ከኋላ ያሉት ምን ይሉታል?

ቀማሿ፦
ተመልሼ ሄድኩ 🙈 በሥራ ቀን ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ። የሚቀዳውን ልጅ ቀለም ትጨምራላችሁ ወይ ብዬ በግልጽ ጠየቅኩት። ሳቀና «እንጨምራለን፣ መጀመሪያ ያለ ቀለም ነበር የምንሠራው፣ ሰው ይሄ ተበላሽቷል እያለ መለሰልን» አለኝ። ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ። አንድ ስኩፕ ቫኒላ ወስጄ ሳይቀልጥ ጨረስኩት፣ ኮሽ የሚል ነገርም አልነበረውም። ፎቶ ግን አላነሳሁትም፣ ነጭ ነገር ማን ያያል።