ሐዋሳ ገብተናል፤ ልጆቹን ይዘን ወዴት እንውጣ?

ጥያቄ፦ የመንትዮቹ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ከመጣን ሁለት ወራችን ነው። የ7 ዓመት መንትዮችና ገና መራመድ የጀመረች ትንሽ ልጅ አሉን። አማቴም አብረውን ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መኪና የለንም።

ቅዳሜና እሁዱ ቲቪ ላይ አፍጥጠን ያልቃል። አንድ ቀን ሐይቅ ዳር ወጥተን ነበር፣ ያውም ከቀኑ 8 ሰዓት! ፀሐዩ አናታችንን በሳው። ትንሿ አለቀሰች። የጀልባው ልጅ ደግሞ ስንመለስ ከተነጋገርነው እጥፍ ጠየቀን። ተኮራርፈን ቤት ገባን።

ብዙ ሳናወጣ፣ አማቴንም ሳናደክም የምንውልበት ቦታ ጠቁሙኝ። መንትዮቹ ደግሞ «እንዋኝ» ብለው ጨቅጭቀውኛል። ሐይቁ ውስጥ መግባት ይቻላል?

ሐይቅ ዳር ያደገው

እንኳን ደህና መጣችሁ። ያበላሻችሁት ሰዓቱን ነው እንጂ ቦታውን አይደለም። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ የቀትር ፀሐይዋ አይቻልም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ጀልባ የጠዋት ነገር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ሁኑ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ሴቶችና ልጆች ቁጭ ብለው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይገፍፋሉ፣ አምባዛው ለብቻ ይከመራል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ አንጀት እስኪወረወርላቸው እንደ ዘበኛ ቆመው ይጠብቃሉ። ቁመታቸው ከመንትዮችሽ ይበልጣል እንጂ አያንስም! ትንሿን እቀፏት፣ ምንቃራቸው ቀልድ አያውቅም። ልጆቹ ከዚያ ንቅንቅ አይሉላችሁም።

የጀልባውን ዋጋ ሳትሳፈሩ ጨርሱት። ለሰው ነው ለጀልባው? ለስንት ደቂቃ? መመለሻውን ይጨምራል? በልጅ ልክ የሆነ መንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ ግን በነፃም ቢሆን አትሳፈሩ። ባለጀልባው «ጉማሬዎቹ አጠገብ ላድርሳችሁ» ካለም እምቢ በሉት። ከሩቅ ማየት ይበቃል።

ነርሷ

ስለ ዋናው እኔ ልመልስ፦ አይቻልም። ሐይቁ ቢልሃርዚያ አለበት። በሽታው በመጠጣት ብቻ የሚመጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የሚያመጣው ግን ዳር ዳሩን ባለው ሳር መሀል ካሉ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣ ትል ነው፤ እግር ውሃ ውስጥ ሲገባ በቆዳ ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ «እግራቸውን ብቻ ይንከሩ» አይሰራም። መንትዮቹ ከዚህ በፊት ገብተው ከሆነ ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመርምሪያቸው። መድኃኒት አለው፣ አትደንግጪ።

ማታ ማታ ደግሞ ወባ አለ። 12 ሰዓት ሳይሞላ ከሐይቁ ዳር ተነሱ፣ ሌሊት አጎበር አይለያችሁ።

የመናኸሪያው ልጅ

ኧረ አታስፈራሯት! እኛ እዚያው እየዋኘን አይደል እንዴ ያደግነው? ምን ሆንን?

ነርሷ

ወንድሜ፣ ተመርምረህ ታውቃለህ?

የመናኸሪያው ልጅ

...አላውቅም። 😅 እሺ፣ ዋናውን ተዉት። መራጨት ካማራቸው ወንዶ ገነት ውሰጃቸው። በሻሸመኔ መስመር ነው፣ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ያልቃል። ፍል ውሃው ለአማትሽም ጉልበት ጥሩ ነው ይባላል። ከሌላ ቤተሰብ ጋር ሆናችሁ ሚኒባስ በኮንትራት ብትይዙ ወጪው ይቀልላል። ምንጩ ላይ ግን ልጆቹን አትልቀቂ፣ ውሃው ከሚወጣበት አካባቢ ያቃጥላል።

የሦስት ልጆች አባት

እኔ በአማትሽ በኩል ልናገር። ለእሳቸው የሚሆነው ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳር መናፈሻ ነው። ባጃጅ ደጃፉ ድረስ ያደርሳል፣ ሜዳ ነው፣ የትልልቅ ዛፍ ጥላ አለ። የምትንጠለጠል ትንሽ ጀበና ይዛችሁ ሂዱ። እኛ በርጩማ ሳይቀር ተሸክመን እንሄዳለን፤ ሰው ቢስቅም ስቆ ይለፍ።

ምግብ በፌስታል እንዳትይዙ! ጦጣዎቹ የፌስታል ድምፅ ከሩቅ ይለያሉ። የእኔን ልጅ ዳቦ ከአፉ ነው የነጠቁት ማለት ይቻላል። ክዳን ያለው ሳህን ይሻላል። ጉሬዛዎቹ ግን ጨዋ ናቸው፣ ዛፍ ላይ ሆነው ያዩሻል።

ለመንትዮቹ ታቦር ተራራ አለላቸው። ከተማው መሀል ስለሆነ የትራንስፖርት ጣጣ የለውም፤ ከላይ ሐይቁም ከተማውም ወለል ብሎ ይታያል። አባታቸው በማለዳ ይዟቸው ይውጣ፣ አንቺ ከአማትሽና ከትንሿ ጋር ተኝተሽ አርፍጂ።

ሌላው፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምባላላ ሲደርስ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ እንዳያመልጣችሁ። ዩኔስኮ በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የመዘገበው በዓል ነው። ጭፈራውን ልጆቹ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ሲያዩት ከተማው የእነሱም ይሆናል።

ሐይቅ ዳር ያደገው

አንድ ነገር ረስቼ፦ አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በሚጥሚጣ ይቀርብላችኋል። እኔ እበላለሁ፣ አልዋሽም። ለልጆቹ ግን የተጠበሰውን ወይ ሾርባውን እዘዙ።

የመንትዮቹ እናት

ቅዳሜ ሄድን! 1 ሰዓት ከሩብ ደረስን። ወንዱ መንታ ለአንዱ አባ ኮዳ «ጋሼ» የሚል ስም አውጥቶለት መጣ። ሾርባው ላይ አማቴ ሁለተኛ ደገሙ፤ ጉልበታቸውን አንዴም አላነሱም። ጀልባውን ዋጋ ቆርጠን፣ ጃኬት አስለብሰን ወጣን፤ ያልነውን ብቻ ከፈልን።

ፌስታል አልያዝንም። አማቴ ግን ቆሏቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነበር፤ ጦጣዋ ቋጠሮውን ፈትታ በላችው። አሁን ባለቤቴ የፊታችን እሁድ ታቦር እወጣለሁ ብሏል። የሦስት ልጆች አባት፣ በየት በኩል ያለው መንገድ ነው ለልጅ የሚቀለው?