በትኪንተር ፋይል ማስመረጫና ማስጠንቀቂያ ማቅለል ይቻላል?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስካን የተደረጉ ሰነዶችን ስማቸውን እየቀየረ በየፎልደሩ የሚያስገባ ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን እየሠራሁ ነው። መስኮቱ በትኪንተር (ከፓይተን ጋር በሚመጣው የመስኮት መሥሪያ) ነው። ዋናው ሥራ አላስቸገረኝም፣ ያሰለቸኝ ፋይል ማስመረጡ ነው። ርዕስ ስጥ፣ የፋይል ዓይነት ዘርዝር፣ መነሻ ፎልደር ንገር፣ ከዛ ሰውየው ካንስል ብሎ እንደሆነ ፈትሽ። ይኼው ኮድ በየቦታው ኮፒ ፔስት ሆኗል፣ ማስጠንቀቂያውም እንደዛው። በዛ ላይ ዲያሎጉ (ብቅ ብሎ የሚጠይቀው ትንሽ መስኮት) አንዳንዴ ከዋናው መስኮት ኋላ ይደበቅና ተጠቃሚው ስታክ አደረገ ብሎ ፕሮግራሙን ይዘጋዋል። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ሰሌዳ፦
ለብቻው ፋይል ክፈትና ሁለት ፋንክሽን (በስም የሚጠራ የኮድ ቁራጭ) ጻፍ። አንዱ ፋይል ያስመርጥ፣ ሌላው ይጠይቅ። የቀረው ኮድህ ከጀርባ ትኪንተር መኖሩን እንኳ ማወቅ የለበትም። ትልቁ እፎይታ ካንስል ላይ ነው፦ የትኪንተር ፋይል ማስመረጫ «አስክ ኦፕን ፋይልኔም» ሰው ካንስል ሲል አንዴ ባዶ ስትሪንግ (ጽሑፍ)፣ አንዴ ባዶ ተፕል (ዝርዝር ነገር) ይመልሳል፣ ስለዚህ ፋንክሽንህ ውስጥ ባዶ ከሆነ «ነን» (None፣ የፓይተን «ምንም የለም») ይመልስ በልና ተገላገል። የመጨረሻውን ፎልደርም እዛው ያዝና ለሚቀጥለው «ኢኒሻልዲር» (መነሻ ፎልደር) አድርገህ ስጠው፣ ሰው በየጊዜው ከሆም ፎልደር ተነስቶ መሄድ ይመርረዋል። ፋይል ስታስቀምጥ ደግሞ በዛ ስም ሌላ ካለ ዲያሎጉ ራሱ «ይተካ?» ብሎ ይጠይቃል፣ አንተ አትድገመው።

ማታ_ኮደር፦
ዲያሎጉ የሚደበቀው «ፔረንት» (የሚከፈትበት ባለቤት መስኮት) ስላልሰጠኸው ይመስለኛል። ዋናውን መስኮት ፔረንት አድርገህ ስጠው፣ ከላዩ ይሆናል። ማክ ላይ እንደውም ፋይል ማስመረጫው ከመስኮቱ ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው፣ የትኛው መስኮት እንደጠየቀህ አትጠራጠርም። መስኮት የሌለው ተራ ስክሪፕት ከሆነ ግን መስኮት የሚደብቀውን «ዊዝድሮው» ጥራ፣ አለዚያ ያቺ ባዶ ትንሽ መስኮት አብራ ብቅ ትላለች። ሥራውን በሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሄድ የሥራ መስመር) የምታስኬድ ከሆነም ዲያሎግ ከዛ ሆነህ አትጥራ። መልእክቱን በኪው (በወረፋ) ላክና ዋናው ትሬድ ያሳየው።

እህተ_ፓይተን፦
እኔ ደግሞ ግማሹን ማስጠንቀቂያ አጥፋው ባይ ነኝ። መቶ ሰነድ ሲያልፍ በያንዳንዱ ላይ «ተሳክቷል» የሚል መስኮት የሚያወጣ ፕሮግራም አይተሽ... ይቅርታ፣ አይተህ ታውቃለህ? ሰው ሦስተኛው ላይ ሳያነብ ኦኬ መጫን ይጀምራል፣ እውነተኛው ኤረር ሲመጣም እንደዛው ያልፈዋል። የተሳካውን መስኮቱ ግርጌ ላይ በአንድ መስመር ጻፈው፣ ያልተሳኩትን ሰብስበህ መጨረሻ ላይ አንዴ አሳይ።

ሦስት ቁልፍ ያለውን መጠየቂያ «አስክ የስ ኖ ካንስል»ንም ተጠንቀቅ፦ «የስ» ሲባል ትሩ (እውነት)፣ «ኖ» ሲባል ፎልስ (ሐሰት)፣ ካንስል ሲባል «ነን» ነው የሚመልሰው። አንተ «ኢፍ ኖት» ብለህ ከፈተሽከው ካንስልና ኖ አንድ ይሆኑብሃል። «ከመዝጋትህ በፊት ይቀመጥ?» ሲባል ሐሳቡን ቀይሮ ካንስል ያለው ሰው ሥራው ሳይቀመጥ ይዘጋበታል ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «ኢዝ ነን» በልና ለይ።

ጀማሪው፦
እናመሰግናለን፣ ፔረንቱን ሰጥቼው አሁን አይደበቅም። አንድ ነገር ልጨምር፦ በ«የስ» እና «ኖ» ፈንታ «አስቀምጥ» እና «ተወው» የሚል ቁልፍ ማድረግ ይቻላል?

ሰሌዳ፦
በሜሴጅቦክስ (በትኪንተር ዝግጁ የመልእክት መስኮት) አይቻልም፣ የቁልፎቹን ጽሑፍ አያስቀይርህም። የራስህን «ቶፕሌቭል» (ተጨማሪ መስኮት) ሥራ፣ «ትራንዚየንት» አድርገህ ከዋናው ጋር እሰረው፣ «ግራብ ሴት» ሌላ ቦታ እንዳይጫን ይከለክላል፣ «ዌይት ዊንዶው» መልሱ እስኪመጣ ያቆይልሃል። የላይኛዋን ኤክስ መጫንም እንደ ካንስል ይቆጠር። አንዴ ከጻፍከው ያው ሁለተኛው ፋንክሽን ውስጥ ይገባል፣ ሌላውን ኮድ አትነካም።