የንስሮቹ እንቁላል 37 ቀን ሆነው፣ እማዬም እንቅልፍ አጣች። ምን ላድርግ?

የእማዬ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፣ የካቲት 21 ቀን 2017

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሊያስቃችሁ ይችላል፣ እኔ ቤት ግን ከባድ ጉዳይ ሆኗል።

እናቴ ከደብረ ታቦር ከመጣች አራተኛ ወሯ ነው። እኔ ሥራ ስውል ብቻዋን ናት። ብርዱ አያስወጣትም፣ እንግሊዝኛ አትሰማም፣ የአማርኛ ዜና ደግሞ ግፊቷን ከፍ አደረገባት። አንድ ቀን ስልኬን ስትነካካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢግ ቤር የሚባል ሐይቅ አጠገብ ያለ የንስር ጎጆ በቀጥታ የሚያሳይ ካሜራ አገኘች። እነዚያ የአሜሪካ ምልክት የሆኑት፣ ጭንቅላታቸው ነጭ የሆነው ንስሮች ናቸው። ሴቷ ጃኪ፣ ወንዱ ሻዶው ይባላሉ። ሦስት እንቁላል ታቅፈዋል። ከዚያ ወዲህ ቲቪያችን ሌላ ነገር አሳይቶ አያውቅም። ስማቸው ሲከብዳት ጃኪን "እትዬ"፣ ሻዶውን "ጋሼ" ብላቸዋለች። "ራሰ በራ ንስር ነው የሚሏቸው" ብላት "ምኑ ነው በራ? ነጭ ሻሽ ያሰረች አይደለች እንዴ!" ብላ ተቆጣችኝ።

አሁን የተቸገርኩት እንዲህ ነው። እማዬ በዶሮ ሂሳብ 21 ቀን ቆጥራ "እንቁላሉ ገምቷል" አለች። ኢንተርኔት ላይ 35 ቀን ነው የሚለው ብዬ አጽናናኋት። ዛሬ የመጀመሪያው እንቁላል 37 ቀኑ ነው፣ ምንም የለም። ጸሎት ላይ ሆና እንኳ ባንድ ዓይኗ ቲቪውን ታያለች።

ሌላው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ስትነሳ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ተበላሸ ብላ ትቀሰቅሰኛለች። በየመሃሉም ይቆማል። ደግሞ ባለፉት ሁለት ዓመታት የነዚህ ንስሮች እንቁላል ሳይፈለፈል እንደቀረ አንብቤያለሁ። ይሄን አልነገርኳትም። ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?

ዲሽ ሠሪው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ስለ ወፍ አላውቅም፣ ስለ ቲቪው ግን ጠይቂኝ።

አልተበላሸም። ካሊፎርኒያ ከኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው። ማዘር ጠዋት 12 ሰዓት ሲነሱ እዚያ ገና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ካሜራው በጨለማ የሚያየው በኢንፍራሬድ ነው። መብራቱ ለዓይን ስለማይታይ ንስሮቹን አይረብሽም፣ ምስሉ ግን ቀለም አይኖረውም። "ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ሲነጋላቸው ቀለሙ ይመጣል" በያቸው፣ በቃ።

ወደ መቆሙ ስንመጣ፣ "ቀጥታ" ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ያለችውን ነጥብ እያት። ቀይ ከሆነች ደህና ነው። ግራጫ ከሆነች የሚያዩት ያለፈውን ነው። አንዴ ፖዝ ካደረጉት ከቆመበት ነው የሚቀጥለው፣ ነጥቧ ስትነካ ወደ አሁኑ ይመለሳል። ሪሞት ለብዙ ሰዓት ካልተነካም ቲቪው "አሁንም እያዩ ነው?" ብሎ ራሱ ይቆማል። ያኔ ኦኬን መጫን ነው። እኔ ለእናቴ ኦኬዋን በቀይ የጥፍር ቀለም ቀብቼላታለሁ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ደውላልኝ አታውቅም።

ሊንኩን አታስቀምጪ፣ ስርጭቱ ተቋርጦ እንደ አዲስ ሲጀምር ይቀየራል። ዋናውን ቻናል ሰብስክራይብ አድርጊ፣ ፍሬንድስ ኦቭ ቢግ ቤር ቫሊ ይባላል። የድሮ ቪዲዮ "ቀጥታ" ብሎ የሚለቅ አስመሳይ አይጠፋምና ስሙን አጣሪ። ለመሆኑ ራውተርሽ የት ነው የተቀመጠው?

የእማዬ ልጅ

ማቀዝቀዣው ጀርባ 🙈

ዲሽ ሠሪው

ኧረ በማርያም! የብረት ሳጥን ጀርባ ተደብቆ ዋይፋዩ በምን ይምጣ? ዛሬውኑ አንሺው።

ፌርፋክስ ሰፈር (ሎስ አንጀለስ)

እህቴ፣ እነዚህን ንስሮች ዓመታት አይቻቸዋለሁ። በ37 ቀን አትደንግጡ። 35 የሚባለው ለደህናው አየር ነው። ቢግ ቤር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ብርዳም ቦታ ነው፣ 38 እና 39 ቀን መቆየት እዚያ ያለ ነገር ነው።

የማዘርን የዶሮ ሂሳብ ወድጄዋለሁ። ግን ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ጨርሳ ነው የምትታቀፈው፣ ለዚህ ነው ጫጩቶቿ ባንድ ቀን የሚወጡት። ንስር ሁሉም እስኪሞላ አትጠብቅም። የጃኪ እንቁላሎች የተጣሉት ጥር 14፣ 17 እና 20 ነው። ስለዚህ ሦስቱም አብረው ይወጣሉ ብላችሁ አትጠብቁ።

ቀኑ ሲደርስ ታውቁታላችሁ። የታቀፈችው ደጋግማ ትነሳለች፣ አንገቷን አቀርቅራ እንቁላሉን ትኩር ብላ ታያለች፣ እንደገና በቀስታ ትቀመጣለች። ጥፍሯን እንዳይወጋ ጨብጣ ነው የምትራመደው፣ እሱን ልብ በሉ፣ ደስ ይላል። ቀጥሎ ቅርፊቱ ላይ አንዲት ቀዳዳ ትታያለች። ጫጩቷ ምንቃሯ ጫፍ ላይ ባለች ሹል ነገር እየወጋች ነው የምትወጣው። ከቀዳዳዋ እስከ መውጣት አንድ ቀን ይፈጃል፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ቡናችሁን አፍልታችሁ ጠብቁ።

"ልንገራት ወይ" ላልሽው፣ ንገሪያት። በ2023 ሳይፈለፈል ቀረ። በ2024 ሦስት ጥላ ከሁለት ወር በላይ ታቅፋ አንዱም አልወጣም። እኔ በመጨረሻ ማየት አቅቶኝ ስልኬን ዘጋሁት። እናትሽ ግን የገጠር ሴት ናቸው፣ እንቁላል ሳይፈለፈል ሲቀር ስንቴ አይተዋል። ካንቺም ከኔም ይልቅ እሳቸው ይችሉታል።

እውነት ተናጋሪ

አይ የኛ ሰው። አገር ቤት ስንት ችግር እያለ ለአሞራ እንቅልፍ ማጣት!

የእማዬ ልጅ

ወንድሜ፣ ያገር ቤቱ ችግር ነው እንቅልፍ ያሳጣት። አሞራው ያስረሳታል።

ሐይቅ ዳር (ሀዋሳ)

@እውነት ተናጋሪ፣ "ለአሞራ" አትበል። አሜሪካኖች እነዚህን ንስሮች ሊያጡ ጥቂት ነበር የቀራቸው። አላስካን ትተን በ1963 የተቆጠሩት ጥንዶች 417 ብቻ ነበሩ። ዲዲቲ የሚባለው ፀረ ተባይ በዓሣ በኩል ወደ ንስሮቹ ገብቶ የእንቁላሉን ቅርፊት አሳሳው። እናት ስትቀመጥበት ይሰበር ነበር። በ1972 ታገደ። በ2021 በወጣው ቆጠራ ከ71 ሺህ በላይ ጥንድ ደርሰዋል። አንድ መርዝ ስለቆመ የመጣ ለውጥ ነው፣ ሌላም ሥራ ተጨምሮበት።

እኔ እንግዳ አስጎብኚ ነኝ። እዚህ ሐይቃችን ላይ የነሱ የቅርብ ዘመድ አለ፣ ዓሣ በል ንስር። ጭንቅላቱም ደረቱም ነጭ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሰው ሁሉ አባ ኮዳን ፎቶ ሲያነሳ እኔ ቀና በሉ እላለሁ። ድምፁ ከአሜሪካው በብዙ ይበልጣል። የናንተው ያን ሁሉ ግርማ ይዞ ድምፁ እንደ ጫጩት ነው። ፊልም ላይ የምትሰሙት አስፈሪ ጩኸት የሌላ ጭልፊት ነው።

ዳታ አለቀ (አዲስ አበባ)

እኔም ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ለአዲስ አበባ ሰው፣ ልዩነቱ አሁን 11 ሰዓት ነው፣ እነሱ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ 10 ይሆናል። ማታ 2 ሰዓት ስትከፍቱ እዚያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ጥራቱን 144 ላይ አድርጉት፣ ዳታ ይቆጥባል። ጃኪ ጭጋግ ውስጥ የጠፋች ዶሮ ትመስላለች እንጂ ትታያለች።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ንስር 40 ዓመት ሲሞላው ተራራ ላይ ወጥቶ ምንቃሩንና ጥፍሩን ነቅሎ፣ አዲስ አብቅሎ፣ ሌላ 30 ዓመት ይኖራል የሚባለው እውነት ነው? ስብከት ላይ ሰምቼው ለስንት ሰው አወራሁት።

ሐይቅ ዳር

ይቅርታ አድርግልኝና ተረት ነው። መዝሙረኛው "ጎልማስነትሽን እንደ ንስር ያድሳል" ያለውን ማንም አይነካውም፣ ንስር ላባውን በእርግጥ ይለውጣል። ምንቃሩን የነቀለ ንስር ግን በምን ይበላል? በረሃብ ይሞታል። በዱር ኖረው ዕድሜያቸው በእግር ቀለበት ከታወቀው ነጭ ራስ ንስሮች ረጅሙን የኖረው 38 ዓመት ነው። እሱንም በ2015 ኒውዮርክ ውስጥ መኪና ገጨው። ለመታደስ 2 ዓመት ሲቀረው ማለት ነው።

የእማዬ ልጅ፣ የካቲት 25

ተፈለፈለ!!! በ40 ቀኑ!

ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ገደማ እልልታ ሰምቼ ከአልጋዬ ዘለልኩ። እማዬ ነጠላዋን እንዳደገደገች ቲቪው ፊት ቆማለች። ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት ነው ወጉ፣ ምን እንደሆነ ስላላወቀች "መሃሉን ልያዝ" ብላ አምስት ጊዜ። ላይኛው ፎቅ ያለው ሰውዬ ወለሉን ደበደበ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ሁለተኛው ወጣ። ዓሣ ሲመጣላቸው "እኔ እየጾምኩ እናንተ ትበላላችሁ" ብላ ስትስቅ፣ እውነቴን ነው፣ ከመጣች እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

የእማዬ ልጅ፣ መጋቢት 5

ሦስተኛውም የካቲት 29 ወጥቶ ነበር። ትናንት ማታ ግን ከባድ በረዶ ጣለ። ጃኪ ሦስቱን ከሥሯ አድርጋ በረዶው ጀርባዋ ላይ ተቆልሎባት አየናት። ዛሬ ጠዋት ሁለት ብቻ ናቸው።

እማዬ ቁርስም ምሳም አልነካችም። "ካሜራ የሰቀለ ሰው ብርድ ልብስ መወርወር ያቅተዋል?" ትለኛለች። ዛሬ ደግሞ የአቦ ዕለት ነው። "አቦ ለተጠማች ወፍ እንባቸውን አጠጡ፣ እነዚህ ቁጭ ብለው ያያሉ" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ፌርፋክስ ሰፈር

አይዞሽ፣ እኔም አልቅሻለሁ።

እንዲህ በያት። ጎጆው መሬት ላይ አይደለም፣ ከመሬት 44 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ጥድ ላይ ነው። በዚያ ማዕበል ሰው ዛፉን ልውጣ ቢል ጃኪ ደንግጣ ትነሳለች። ጫጩቶቹ ገና በስስ ጸጉር ናቸው፣ ሙቀታቸው የእናታቸው ሆድ ብቻ ነው። እሷ ለትንሽ ጊዜ ብትነሳ ሦስቱንም እናጣ ነበር። ሕግም አለ። ከ1940 ጀምሮ ይህን ንስር መንካትም ሆነ ጎጆው ላይ መረበሽ ያስቀጣል። ጎጆ በሚይዙበት ወቅት የደን ጥበቃው ሰው በአካባቢው እንዳያልፍ ይዘጋል።

ቲቪውን ግን አታጥፊባት። ሁለቱ ሲበሉ ትይ። እኔ በ2024 ዘግቼ የተጸጸትኩት ለዚህ ነው፣ ሐዘኑን ብቻ ይዤ ቀረሁ።

ዲሽ ሠሪው

ነገ ቅዳሜ ነው። ነይልን፣ ማዘርንም ይዘሻቸው ነይ። እናቴም ብቻዋን ናት።

የእማዬ ልጅ፣ ሰኔ 2

የጠፋሁት በሥራ ብዛት ነው። ሁለቱ ጫጩቶች፣ የቢግ ቤር ተማሪዎች መርጠውላቸው፣ ሳኒ እና ጊዝሞ ተብለዋል። ሳኒ ግንቦት 25 በረረች፣ ጊዝሞም ከቀናት በኋላ ተከተለች። እማዬና የዲሽ ሠሪው እናት በስልክ እየተቀባበሉ ነው ያዩት፣ አንዷ "ክንፏን ዘረጋች!" ስትል ሌላዋ "የኔ ላይ ገና ነው!" ትላለች።

እማዬ አሁን የምትጠይቀው፣ ልጆቹ ለምን እንደ እናታቸው ነጭ ሻሽ የላቸውም? "ሌላ ወፍ የጣለችባት እንቁላል ነው" ብላ ጠርጥራለች።

ፌርፋክስ ሰፈር

ልጆቿ ናቸው፣ ስም አታጥፉባት 😂 ጭንቅላታቸው የሚነጣው በአራትና በአምስት ዓመታቸው ነው። እስከዚያ ቡናማ ናቸው።

እናንተ እኮ ሜሪላንድ ናችሁ። ህዳር ላይ ኮኖዊንጎ ግድብ ውሰጃት። ሰስኩሃና ወንዝ ላይ ነው፣ ዓሣ ፍለጋ በብዛት ይሰበሰባሉ። ወፍራም ካፖርትና ቴርሞስ ሻይ ያዙ፣ ነፋሱ አይጣል ነው።

የእማዬ ልጅ

ህዳር 12 የሚካኤል ዕለት ይሁን ብላለች። ዲሽ ሠሪው፣ መኪናህ ሰፊ ነው አይደል? በነገራችን ላይ ምስሉ አሁንም ይቆራረጣል።

ዲሽ ሠሪው

ለሁለቱም እናቶች ቦታ አለ። ራውተሩን ከማቀዝቀዣው ጀርባ አንስተሽዋል?

የእማዬ ልጅ

...ዛሬ አነሳዋለሁ።