ልጄ «ጎበዝ አይደለሁም፤ ስለማጠና ነው» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጅና የአሥር ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ሥራዬ ሂሳብ መዝጋት ነው፤ አንድ ሳንቲም ከጎደለ እንቅልፍ አይወስደኝም። በገዛ ቤቴ ለዓመታት ሲጎድል የኖረውን ግን ያየሁት ባለፈው ሳምንት ነው።

ሁለቱም የሂሳብ ፈተና ውጤታቸውን ይዘው መጡ። እሷ 94፣ እሱ 71። እሷን «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ልፋትሽ መና አልቀረም» አልኳት። እሱን ደግሞ ራሱን ዳበስ አድርጌ «ይህ ልጅ እኮ ጭንቅላት አለው፤ ትንሽ ቢያጠና የት በደረሰ ነበር!» አልኩት። ሁለቱንም እኩል ያመሰገንኩ መስሎኝ ወደ ጉዳዬ ሄድኩ።

ማታ ደብተሯን ገለጥኩ። የአንዱ ጥያቄ መልስ የተጻፈበት ቦታ በላጲስ ብዛት ሳስቶ፣ ወደ መብራት ሳነሣው በጀርባው ያለው ጽሑፍ ይነበባል። ምን ተሳስታ ነው ብዬ ገጹን አዘንብዬ አየሁት። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ የተወው ጭረት አልጠፋም ነበር፤ የጠፋውም መልስ ያው ነው። ትክክለኛውን መልስ ጽፋ፣ አጥፍታ፣ መልሳ ጽፋ፣ እንደገና አጥፍታ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ጽፋዋለች።

«ለምን?» ብዬ ጠየቅኳት። «እኔ እንደ እሱ ጎበዝ አይደለሁም፤ ስለማጠና ነው» አለችኝ። «እንደ እሱ» የተባለው ባለ 71ዱ ነው።

በዚያው ሰሞን ክፍላቸው አለቃ ሊመርጥ ነበር። «አትወዳደሪም?» ብላት «ጸሐፊ ብሆን ይሻለኛል፤ ጽሑፌ ያምራል» አለች። ከማን እንደወረሰችው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ዘጠኝ ሰዎች እንቀመጣለን፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። የእኔም ጽሑፍ ያምራል።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ ይህ ነገር ከእኔ አንደበት የወጣ ነው ወይስ ልጅቷ በተፈጥሮዋ ቁጥብ ናት? «ጎበዝ ነሽ» እያልኩ ብደጋግምላት ይለወጣል?

መልስ 1፦ የፊዚክስ መምህርት

እህቴ፣ ራስሽን ብቻ አትውቀሺ፤ ልጅሽ ይህን የተማረችው ገና ስድስት ዓመት ሲሞላት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ የሊን ቢያን፣ የሣራ ጄን ሌስሊና የአንድሬ ቺምፒያን ጥናት አለ። በአሜሪካ ለሚኖሩ ልጆች «በጣም በጣም ብሩህ» ስለሆነ ሰው ታሪክ ይነግሯቸዋል፤ ወንድ ይሁን ሴት አይናገሩም። ከዚያ ከማያውቋቸው ወንዶችና ሴቶች ፎቶ መካከል ያ ብሩህ ሰው የትኛው እንደሆነ እንዲገምቱ ይጠይቋቸዋል። የአምስት ዓመት ልጆች፣ ሴቶቹም ወንዶቹም፣ ወደ የራሳቸው ጾታ ይጠቁማሉ። በስድስትና በሰባት ዓመታቸው ግን ሴቶቹ ልጆች ጣታቸውን ከሴቶቹ ፎቶ ማራቅ ይጀምራሉ።

እኔን ያስደነገጠኝ ይህ አይደለም። እነዚያው ልጆች በትምህርት ቤት የተሻለ ውጤት የሚያመጣው ማን ነው ተብለው ሲጠየቁ፣ ሴቶች እንደሆኑ አልጠፋቸውም። ውጤቱን ያውቁታል፤ ከብሩህነት ጋር ግን አያገናኙትም። ልጅሽ ያለችሽም ቃል በቃል ይህንኑ ነው።

እኔ ራሴ ሃያ ሦስት ዓመት አስተምሬ ከማንም የማልሻል መሆኔን ያወቅኩት በስልኬ የገዛ ክፍሌን ድምፅ ቀድቼ ስሰማ ነው። ወንድ ተማሪ ሲሳሳት «እስቲ እንደገና አስበው» እለዋለሁ። ሴት ተማሪ ስትሳሳት «አይዞሽ» እላትና መልሱን ራሴ ነግሬ አልፋለሁ። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ስድስት «አይዞሽ» ቆጠርኩ። ደግነት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ደግሞ የማሰቢያ ጊዜዋን እየወሰድኩባት ኖሯል። አሁን ጠይቄ ስጨርስ ለማንም ዕድል ከመስጠቴ በፊት በሆዴ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። መጀመሪያ የሚነሡት እጆች ያው የተለመዱት ናቸው፤ ሦስት ላይ ስደርስ ሌሎቹ ብቅ ይላሉ።

«ጎበዝ ነሽ» ማለቱን ተይው፤ አታምንሽም። ላጲሱን ውሰጂና እስክሪብቶ ስጫት። ስትጠራጠር በአንድ መስመር ሰርዛ ከጎኑ ትጻፍ፤ ገጹ ይቆሽሽ። የሰረዘችው ትክክል እንደነበረ ከአንቺ መስማት አያስፈልጋትም፤ በዓይኗ ታየዋለች።

መልስ 2፦ እንግዳ

94 ያመጣች ልጅ ምን ጎደላትና ነው ይህ ሁሉ ወሬ? ተዋት።

የሁለት ልጆች እናት

ይህንኑ እሷን ጠየቅኳት። «ስድስት» አለችኝ።

መልስ 3፦ የሦስት ወንዶች አባት

እኔ ደግሞ ስለ ባለ 71ዱ ልናገር፤ ማንም ያዘነለት አላየሁም። «ጭንቅላት አለው፤ ቢያጠና ኖሮ» የተባለ ልጅ የሚሰማው ማጥናት ጭንቅላት የሌለው ሰው ሥራ እንደሆነ ነው። አጥንቶ 75 ቢያመጣ ምን ሊባል ነው? ስለዚህ አያጠናም፤ ስሙን የሚጠብቅለት ስንፍናው ነው። እኔ በዚህ መንገድ አድጌ ሁለተኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ላይ ወደቅኩ፤ የምናገረው የደረሰብኝን ነው።

ንባብንም እዩት። ፒሳ በሚባለው ዓለም አቀፍ ፈተና በንባብ ሴቶች ከወንዶች የሚበልጡት ከሞላ ጎደል በሁሉም ተሳታፊ አገሮች ነው። የመጀመሪያው ልጄ ልብ ወለድ የሚያነበው ትልቅ የእግር ኳስ መጽሔት መሃል ደብቆ ነበር። ጓደኞቹ «እንደ ሴት ቁጭ ብሎ ያነባል» ብለውታል። በሴት የተመሰለ ነገር ሁሉ ለወንድ ልጅ ስድብ ሲሆንበት፣ ለእህቱስ ምን ሊሆን ነው?

ቋንቋችንም ያው ነው። ሴት ልጅ ደፍራ ስትናገር እንኳ «ወንዳታ!» እንላታለን። ድፍረቷን መርቀን ባለቤትነቱን ለወንድ እንሰጠዋለን።

መምህርቷ ያሉት የእስክሪብቶ ነገር ግን ለእኔም ልጆች ይሆናል፤ እሞክረዋለሁ።

መልስ 4፦ ዘግይቶ የመጣ

ሁላችሁም ስለ አነጋገር ነው ያወራችሁት። እኔ ልጅቷ ከምትሰማው ይልቅ የምታየው ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ለዚህም ማስረጃ አለኝ።

ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1993 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ከመንደር ምክር ቤት መሪነት አንድ ሦስተኛው ለሴቶች እንዲሆን ደነገገች። በምዕራብ ቤንጋል ተራው የሚደርሳቸው መንደሮች የሚለዩት በዘፈቀደ ስለነበር፣ ሴት የመራችውንና ያልመራችውን መንደር ያለ አድልዎ ማወዳደር ተቻለ። ሎሪ ቢማን፣ ኤስተር ዱፍሎ፣ ሮሂኒ ፓንዴና ፔቲያ ቶፓሎቫ በ495 መንደሮች ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተሙ። ሁለት የምርጫ ዘመን ሴት በመራቻቸው መንደሮች፣ ወላጆች ለወንድና ለሴት ልጃቸው በሚመኙት መካከል የነበረው ልዩነት በ25 በመቶ ጠበበ፤ ልጆቹ ለራሳቸው በሚመኙት መካከል የነበረው ደግሞ በ32 በመቶ። በትምህርት ደረጃ የነበረው ልዩነት ጭራሹን ጠፋ። ለሴቶቹ ልጆች አዲስ ሥራ ስለተከፈተላቸው አይደለም፤ አጥኚዎቹ ይህን ፈልገው አላገኙም። ሴት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አዩ።

ተቃራኒውንም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1890 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ፈተና ፊሊፓ ፎሴት ከወንዶቹ አንደኛ የበለጠ ውጤት አመጣች። ዝርዝሩ ሲነበብ «ከአንደኛው በላይ» ተባለች። «አንደኛ» የሚለው ማዕረግ ለወንድ ብቻ ስለነበር ማለት ነው። ዲግሪም አልሰጧትም፤ ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። የእርስዎ ልጅ 94 አምጥታ «ጎበዙ እሱ ነው» ስትል ይህችው ሴት ትዝ አለችኝ። ልዩነቱ፣ ፎሴትን ማዕረጉን የከለከሏት ሌሎች ነበሩ።

እና እመቤቴ፣ ልጅዎን የአለቃነት ምርጫ ላይ ከመግፋትዎ በፊት ያንን የቃለ ጉባኤ ደብተር ለሌላ ሰው ያስረክቡ። የሚጽፍ ሰው አይናገርም፤ እጁ ሥራ ይዞበታል። በ10 አገሮች 247 የምርምር ሴሚናሮችን ተቀምጠው የታዘቡ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳወጡት፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ወንድ ከጠየቀ በኋላ የሴቶች ጥያቄ ይበልጥ ይቀንሳል። አንዷ ቀድማ መናገር አለባት።

የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ «ተዋት»ንም ጭምር፤ ቢያንስ ልጄን አስቆናል።

እስክሪብቶውን ሰጠኋት። መጀመሪያ ገጿ ስለተበላሸ አለቀሰች፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። በአራተኛው ቀን አንድ ገጽ ላይ ሰባት ስርዝ ቆጥራ መጣች፦ «አምስቱ መጀመሪያም ልክ ነበሩ» አለች። የተናደደች ትመስል ነበር። ወንድሟን ደግሞ «ጭንቅላት አለህ» ማለቴን ትቼ «እስቲ ይህን እንዴት እንደሠራኸው አሳየኝ» ስለው መሥራት አለመሥራቱ ወዲያው ይታወቃል፤ እሱም አልወደደልኝም።

ትናንት ስብሰባ ነበረን። ደብተሬን ቤት ትቼ ሄድኩ። ሰብሳቢው «ቃለ ጉባኤ?» ሲል ስምንት ፊት ወደ እኔ ዞረ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ምናልባት አሥር ሰከንድ ይሆናል፤ ለእኔ ግን የዓመት መዝጊያ ሂሳብ ያህል ረዘመብኝ። በመጨረሻ አንዱ ባልደረባችን ወረቀት ፈልጎ መጻፍ ጀመረ። ጽሑፉን እስካሁን ማንበብ የቻለ ሰው የለም።

ማታ ይህን ለልጄ በኩራት ነገርኳት። ሳቀች። ከዚያ «እጅሽ ባዶ ከሆነ ታዲያ ምን ተናገርሽ?» አለችኝ።

ምንም አልተናገርኩም ነበር። ቀጣዩ ስብሰባ ማክሰኞ ነው።