«ዘ ሲክሬት ጋርደን»ን በድምፅ፦ ለልጅ የትኛው ቅጂ ይሻላል?

እናት፣ ሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ከአገር ቤት ከመጣች ዓመት አልሞላትም፤ አምስተኛ ክፍል ናት። መምህሯ «ዘ ሲክሬት ጋርደን» የሚባለውን የልጆች ልብ ወለድ ሰጥታ «በኦዲዮቡክ እየሰማሽ አንብቢ» ብላታለች። ስፈልግ አንዱ ሁለት ሰዓት፣ ሌላው ዘጠኝ ሰዓት ይላል። እንግሊዝኛው እንዳይከብዳት አጭሩን ብይዝላት አይሻልም?

የላይብረሪ ሠራተኛ፣ ሚኒሶታ፦
እህቴ፣ አጭሩን ተዪው። ገጹን በዓይኗ እየተከተለች የምትሰማ ከሆነ፣ የሚነበበው ከወረቀቱ ጋር ቃል በቃል መግጠም አለበት። መጽሐፉ በፈረንጆቹ 1911 የወጣ፣ 27 ምዕራፍ ያለው፣ ወደ 80 ሺህ ቃል የሚጠጋ ነው። ተራኪ በደቂቃ 150 ወይም 160 ቃል ግድም ስለሚያነብ ሙሉው ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚለው አብዛኛው ክፍል የተቆረጠበት ነው። መግለጫው ላይ «አንአብሪጅድ» (ያልተቆረጠ) የሚለውን ፈልጊ።

በድራማ መልክ የተሠራውንም ለዚህ ሥራ አትያዢው። ተዋንያኑና ሙዚቃው ያዝናናሉ፤ ግን «አለች»፣ «መለሰ» የሚሉትና የአካባቢው ገለጻ ስለሚወጡ ልጅቷ የቆመችበትን መስመር ስትፈልግ ታሪኩ ያመልጣታል። የሚያስፈልጋት አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር የሚተርከው ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በራዲዮ እንደተረከው ማለቴ ነው። ጆሮዋ የተራኪውን ድምፅ አንዴ ከለመደ በኋላ የሚቀራት ቋንቋው ብቻ ነው።

ደግሞ በእጇ ያለውን መጽሐፍ ማውጫ እዪው። 27 ምዕራፍ ከሌለው ትምህርት ቤቱ የሰጣት ራሱ የተቀነሰ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሙሉው ትረካ አይገጥምላትም። ለዚያው እትም የተዘጋጀ ድምፅ እንዳለ መምህሯን ጠይቂ።

ለንደን፦
የዚህ መጽሐፍ ትልቁ ፈተና የዮርክሻየር፣ ማለትም የሰሜን እንግሊዝ አካባቢ አነጋገር ነው። የቤት ሠራተኛዋ ማርታ፣ ወንድሟ ዲከን፣ አትክልተኛው ቤን ዌዘርስታፍ የሚናገሩት በዚያ ነው። ናሙናው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይወሰዳል፤ እሱ ደግሞ ህንድ ውስጥ ስለሆነ ተራኪው የዮርክሻየርን አነጋገር ይችል አይችል እንደሆነ አያሳይም። የምትመዝኚው በምዕራፍ 4 ነው፤ ማርታም ቤንም እዚያ ይገባሉ። ጎበዝ ተራኪ አነጋገሩን ያሰማል፣ ቃሉን ግን አይውጥም። መጽሐፉን እያየሽ አምስት ደቂቃ ሰምተሽ ግማሹን እንኳ ካልያዝሽው፣ ሌላ ተራኪ ፈልጊ።

ደጋግመው የሚመጡ ጥቂት ቃላት አሉ፦ «ዛ» አንተ ወይም አንቺ፣ «ናውት» ምንም፣ «ሳመት» አንድ ነገር፣ «ዊክ» ደግሞ ሕያው ማለት ነው። በወረቀት ጽፈሽ ሽፋኑ ውስጥ ለጥፊላት። እነዚህን ትምህርት ቤት ስለማይጠቀሙባቸው ለመናገር ሳይሆን ለመረዳት ብቻ እንደሆኑ ንገሪያት።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሌላ ነው። ምዕራፍ 4ን ከልጅሽ በፊት አንቺ ስሚው። ማርታ «ከህንድ ትመጣለች ሲሉ ጥቁር መስለሽኝ ነበር» ትላታለች፤ የታሪኩ ዋና ባለታሪክ ሜሪ በቁጣ ትነድና የአሳማ ልጅ ብላ ትሰድባታለች። ማርታ ክፋት የላትም፣ ጥቁሮችን እንደማትጠላም ወዲያው ትናገራለች። ሜሪ ግን ጥቁር መባልን እንደ ውርደት ነው የወሰደችው፤ ያደገችበት የቅኝ ገዢዎች ቤት ያስተማራት ነው። ይህን አንዲት ጥቁር ልጅ፣ አገሩም ገና ሳይለምዳት፣ ብቻዋን በጆሮ ማዳመጫ መስማት የለባትም። አብራችሁ ስሙት፣ አቁሚውና በአማርኛ ተነጋገሩበት። በተቀነሱት ቅጂዎች ላይ ይህ ቦታ ላይኖር ይችላል፤ ትረካው ውስጥ ስለሌለ ክፍል ውስጥ አይነሳም ብለሽ ግን አትዘናጊ። ጮክ ተብሎ የሚነበብ ከሆነ መምህሯ እንዴት ልትይዘው እንዳሰበች አስቀድመሽ ጠይቂያት።

እናት፣ ሜሪላንድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሳልከፍል ከየት ላግኘው? ስልኳ አንድሮይድ ነው፣ ኢንተርኔት የምታገኘው ቤታችን ውስጥ ብቻ ነው።

የላይብረሪ ሠራተኛ፣ ሚኒሶታ፦
መጀመሪያ የሰፈርሽን ላይብረሪ። ካርድ ለማውጣት መታወቂያና አድራሻ የሚያሳይ ነገር፣ ለምሳሌ የኪራይ ውል ወይም የመብራት ቢል ይዘሽ ሂጂ፤ ለልጅ ወላጅ ይፈርማል። ከዚያ ከላይብረሪ መጽሐፍ በስልክ የሚያበድረውን ሊቢ የሚባል አፕ ጫኚ፣ ላይብረሪሽን ምረጪ፣ የካርዱን ቁጥርና ፒን አስገቢ። ስትፈልጊ ኦዲዮቡክ ብቻ እንዲያሳይሽ አድርጊ፤ አለዚያ የሚነበበውን ተበድረሽ «ድምፅ የለውም» ትያለሽ። ቤት ሳለሽ በዋይፋይ አውርጂውና ውጭም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ብድሩ እንደ ላይብረሪው 7፣ 14 ወይም 21 ቀን ነው፤ ቀኑ ሲደርስ በራሱ ይመለሳል፣ ቅጣት የለውም። ችግሩ ሌላ ነው፦ ሙሉው ትረካ ለ27 ሲካፈል አንድ ምዕራፍ በአማካይ ወደ 20 ደቂቃ ነው፤ በቀን አንድ ብትሰማ 27 ቀን ይፈጃል፣ ብድሩ ቀድሞ ያልቃል። ወረፋ ካለ ደግሞ መሀል ላይ ትቆማለች። ስለዚህ ነፃውን ቅጂም በጎን ያዢ።

ፍጥነቱን ከ0.85 በታች አታውርጂው። በጣም ሲዘገይ ድምፁ ይጎተታል፤ እንግሊዝኛ ቃላትን አያይዞ የሚናገርበት ዜማም ይጠፋል፤ ልጅቷ መልመድ ያለባት ደግሞ እሱን ነው። ከከበዳት በልኩ ፍጥነት ሁለቴ ትስማው፣ መጀመሪያ መጽሐፉን ይዛ፣ ቀጥሎ ዘግታ።

ፍራንክፈርት፦
ነፃው ሊብሪቮክስ ነው፤ ከ2005 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የባለቤትነት መብታቸው ያለቀ መጻሕፍትን እያነበቡ የሚያኖሩበት። የዚህ መጽሐፍ ከአንድ በላይ ቅጂ አለው። «ሶሎ» የሚለውን ውሰጂ፤ በጋራ የተነበበው ላይ በየምዕራፉ ሰው ይለዋወጣል፣ የቀረጻው ጥራትም አብሮ ይለዋወጣል። ጽሑፉን ጉተንበርግ ፕሮጀክት በሚባለው የነፃ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በቁጥር 113 ታገኚዋለሽ።

ሁሉንም በአንድ ዚፕ ማውረድ ይቻላል። በ64 ኪሎቢት የድምፅ ጥራት አንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ ሙሉው 250 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል፤ በ128 እጥፉ። ለንግግር 64 ይበቃል። ዚፑን ስልኩ ላይ ፍቺው፣ ፋይሎቹን በአንድ ፎልደር አድርጊ። በሙዚቃ ማጫወቻ አትክፈቺው፤ ምዕራፎቹን ሊያደባልቅና ያቆመችበትን ሊረሳ ይችላል። «ስማርት ኦዲዮቡክ ፕሌየር» ዓይነት አፕ ቦታውን ይይዝላታል። በየፋይሉ መጀመሪያ ላይ ስለ ሊብሪቮክስ የሚነገር ማስታወቂያ አለ፤ መጽሐፉ ውስጥ የለምና ግራ እንዳትጋባ።

ደራሲዋ ፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔት በ1924 ስላረፈች መጽሐፉ በአሜሪካም፣ በአውሮፓም፣ በእስራኤልም ነፃ ነው። ሌላውን ሁሉ ግን እንደዚያ አትቁጠሩት። የ1926ቱ «ዊኒ ዘ ፑ» በአሜሪካ ከ2022 ጀምሮ ነፃ ሲሆን፣ ደራሲው በ1956 ስላረፈ እኛ ጋ በአውሮፓ እስከ 2026 መጨረሻ መብቱ የተጠበቀ ነው። በ1952 የወጣው «ሻርለትስ ዌብ» በአሜሪካም ገና ነው። ደራሲው ኢ. ቢ. ዋይት ራሱ ያነበበው ድንቅ ቅጂ ስላለው ከላይብረሪ ተበደሩት፤ ያለ ፈቃድ ዩቲዩብ ላይ የተጫነው ልጁ ግማሽ ላይ ሳለ ሊነሳ ይችላል።