ከማይበራ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የአባቴን ጽሑፍ ማውጣት ይቻላል?

ጠያቂ፦
በ2000 ዓ.ም. የተገዛ የቤተሰብ ላፕቶፕ አለን፤ ከተወሰኑ ዓመታት ወዲህ ጨርሶ አይበራም። ቻርጀሩ ሲሰካ አረንጓዴዋ መብራት ለአፍታ ብልጭ ትልና ትጠፋለች። ማሽኑን ማስጠገን አልፈልግም፤ የምፈልገው በውስጡ ያለውን ነው። ሟቹ አባቴ የትውልድ ሐረጋችንንና የልጅነት ትዝታቸውን በአማርኛ እየተየቡ ያስቀመጡት እዚያ ሲሆን፣ የእኅቴ ሠርግ ፎቶግራፎችም ሌላ ቅጂ የላቸውም።

ሃርድ ዲስኩን አስወጥቼ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ከኮምፒውተር ጋር ሲያገናኙት «ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ያድርጉት» የሚል መልእክት ወጣ፤ ባለሙያውም ፎርማት አድርጎ ፋይሎቹን በኋላ በሶፍትዌር እንደሚመልስልኝ ነገረኝ። ነገሩ ስላልተዋጠልኝ ይዤው ተመለስኩ። በተገናኘበት ጊዜ አልፎ አልፎ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ምን ባደርግ ይሻላል?

ካቻቢቴ፦
ይዘውት መመለስዎ ትልቅ ነገር ነው። ያ መልእክት ዊንዶውስ የዲስኩን ማውጫ ማንበብ ሲያቅተው የሚያወጣው ነው እንጂ ፋይሎቹ ጠፍተዋል ማለት አይደለም። ፎርማት ከተደረገ ግን፣ ፈጣን የሚባለው እንኳ ቢሆን፣ የፋይሎቹን ስምና ቦታ የያዘው መዝገብ በባዶ መዝገብ ይተካል፤ ሙሉው ፎርማት ደግሞ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ስለሚሞላው የሚተርፍ ነገር አይኖርም።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ድምፁ ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ ማንበቢያው ራስ ደግሞ ሳህኑን ሳይነካ፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ክፍተት በላዩ ይንሳፈፋል። «ጠቅ» የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ይህ ማንበቢያ ራስ የሚፈልገውን ቦታ ሲያጣ ወደ መነሻው መመለሱን ያመለክታል። ድምፁ ሳያቋርጥ የሚደጋገም ከሆነ ወዲያውኑ ነቅለው፣ ከአቧራ የጸዳ ክፍል ላለው ባለሙያ ከመስጠት ሌላ አማራጭ የለም። እቤት ክዳኑን መክፈት፣ በእጅ መታ መታ ማድረግ ወይም በየመንደሩ እንደሚመከረው ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር የቀረውን ዕድል ይጨርሰዋል፤ ከፍሪጅ ሲወጣ የሚቋጥረው ርጥበት ብቻውን በቂ ጠላት ነው። አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነና ኮምፒውተሩ የዲስኩን መጠን በትክክል የሚያሳይ ከሆነ ግን አንድ ጊዜ፣ በጥንቃቄ፣ መሞከር ይቻላል።

መጀመሪያ የመሰኪያውን ዓይነት ይዩ። በሁለት ረድፍ የተደረደሩ መርፌ መሳይ እግሮች ካሉት አሮጌው አይዲኢ ነው፤ ጠፍጣፋና ሁለት ቦታ የተከፈለ ከሆነ ሳታ ነው፤ በዚያ ዘመን ከተሠሩት አብዛኞቹ ሳታ ናቸው። የላፕቶፕ ዲስክ የሚፈልገው 5 ቮልት ብቻ ስለሆነ ከሳታ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ተራ ኬብል ወይም የኤክስተርናል ኬዝ ይበቃዋል።

ዋናው ነገር ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ አለመምረጥ ነው። በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሥርዓተ ክወና ከፍላሽ ያስነሡና ዲዲሬስኪው በተባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ ወደ ሌላ ዲስክ ያውጡ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ይሰበስባል፤ የታመመውን ቦታ ዘሎ በመጨረሻ ይመለስበታል፤ የደረሰበትንም በመዝገብ ስለሚይዝ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለት ነገር አይዘንጉ። ትእዛዙ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የታመመው ዲስክ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ በአባትዎ ጽሑፍ ላይ ይጻፍበታል። ግልባጩን የሚቀበለው ዲስክ ደግሞ የተዘጋጀው ፋት32 በተባለው አሮጌ የፋይል አያያዝ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ሌላው ሥራ ሁሉ፣ እንደ ቴስትዲስክ ያሉትን ማውጫ ጠጋኞች መሞከርን ጨምሮ፣ በግልባጩ ላይ ይሁን። ፎቶሬክ የተባለውን የመጨረሻ አማራጭ አድርገው ይያዙት፤ ፎቶዎቹን ቢያገኛቸውም የፋይል ስማቸውንና አቃፊያቸውን አይመልስም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዲስኩ ሳታ ነበር፤ መጠኑም 160 ጊጋባይት ሆኖ በትክክል ታየ። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ በሁለት ሰዓት ገደማ ያልቅ ነበር ይባላል፤ የኔው ግን ሁለት ሌሊት ፈጀ፤ በመካከሉም መብራት ጠፍቶ እንደተባለው ካቆመበት ቀጠለ። ያልተነበበው ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው። ማውጫው በግልባጩ ላይ ከተጠገነ በኋላ «ዩዘርስ» ከሚለው አቃፊ ሥር የሠርጉን ፎቶዎችና የአባቴን ስድስት የዎርድ ፋይሎች አገኘሁ። ሆኖም ፋይሎቹን ስከፍታቸው ከዳር እስከ ዳር የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የገንዘብ ምልክትና ነጥብ የተዘበራረቀበት ነገር ነው የሚታየኝ። ይህ ማለት ጽሑፉ ተበላሽቷል ማለት ነው?

የቀድሞ ጸሐፊ፦
በጭራሽ አልተበላሸም። ለዓመታት በመሥሪያ ቤት ስተይብ የኖርኩ ሰው ነኝና ያ መልክ ለእኔ የቆየ ወዳጅ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሠንጠረዥ፣ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ ብዙዎቻችን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ እንጽፍ የነበረው እንደ ቪዡዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉት ፕሮግራሞች ነው። በእነዚያ የቀድሞ ፎንቶች ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነበር፤ «ለ»ን «ለ» አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ብቻ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ስለሚሆኑና የቀድሞው ሠንጠረዥ በጠቅላላው 256 ቦታ ብቻ ስለነበረው፣ አንዳንዱን ሆሄ ከሁለት ቁራጭ መግጠም የግድ ይሆን ነበር።

ከፋይሉ ላይ አንድ ቃል ይምረጡና ዎርድ የፎንቱን ስም የሚያሳይበትን ሣጥን ይመልከቱ፤ ፎንቱ ኮምፒውተርዎ ላይ ባይኖርም ስሙ እዚያ ተጽፎ ያገኙታል። ያንኑ ፎንት ሲጭኑ አማርኛው ተመልሶ ይመጣል። እስከዚያው ሙሉውን መርጠው ወደ ኒያላ (የዩኒኮድ አማርኛ ፎንት ነው) ቀይረው እንዳያስቀምጡት አደራ፤ የትኛው መስመር በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚያመለክተው ምልክት ያን ጊዜ ይጠፋል። ጽሑፉን ብቻ ገልብጦ በቴሌግራም መላክም ያው ነው። ፎንቱ በሠራ ዕለት መጀመሪያ ወደ ፒዲኤፍ ያውጡት፤ ወደ ዩኒኮድ መቀየሩ ይደርሳል።

ጠያቂ፦
ፎንቱ ቪዡዋል ግዕዝ ሆኖ ተገኘ፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከአሮጌ ሲዲ ላይ አወጣልኝ። የመጀመሪያው ገጽ ሲከፈት የአያቴ ስም ከነመንደራቸው በትልቁ ተጽፎ አየሁት፤ እናቴ መነጽሯን እስክታገኝ ድረስ ማንም እንዳይነካው አለች። አምስቱ ፋይሎች ሙሉ ናቸው፤ ስድስተኛው ከአሥራ አንደኛው ገጽ በኋላ አይከፈትም፤ ያልተነበበው ቦታ እዚያ ላይ ሳይወድቅ አልቀረም። ወደ ዩኒኮድ ሲቀየር አንዳንዱ «ጸ» እና የግዕዝ ቁጥሮቹ ስለተዛቡ፣ ማታ ማታ እናቴ ከፒዲኤፉ እያነበበችልኝ በእጄ እያረምኩ ነው።